ዘጠኝ ደቂቃ በጉምቤ ደሴት

የጉምቤ ደሴት የዙሪያ መንገድ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው። መኪና ሳይቸኩል በሃያ አንድ ደቂቃ ዞሮ ይጨርሰዋል። በ2091 ዓ.ም. የመስከረም ዕረፍት፣ ስንዱ ሽብሩ አባቷን ይዛ ሐይቁን በተሻገረችበት ሳምንት፣ በዚያ መንገድ ላይ ሁለት ሺህ መኪኖች በሁለት ረድፍ ቀንና ሌሊት ይዞሩ ነበር። በደሴቱ ላይ ያለው ማቆሚያ ስልሳ ብቻ ነው፤ ስልሳውም ባለቤት አለው። ለሌላው እንግዳ የሚደርሰው «የዕለት ቁም» የሚባለው ነው።

ደሴቱ ለእንግዳ በተከፈተበት ዓመት የዕለት ቁም ሠላሳ ደቂቃ ነበር። መኪናው ሲበዛ አሥራ አምስት ሆነ። አሁን ዘጠኝ ነው። ዘጠኙን ደቂቃ ሰው እንደፈለገ ይከፋፍለዋል፤ ግማሽ ደቂቃ ለመውረድ፣ ግማሽ ለመሳፈር፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ለመታጠቢያ ቤት። ከዚህ ሌላ አንድ ደንብ አለ። ባዶ መኪና አይዞርም። ከተመዘገቡት ተሳፋሪዎች ቢያንስ አንዱ ውስጥ መኖር አለበት። ስለዚህ ቤተሰብ በተራ ይዋኛል። እናትና ልጆች ውሃ ውስጥ ሲሆኑ አባት ይዞራል፤ አባት ሲወርድ እናት ትዞራለች። አሸዋው ላይ ያሉት በየሃያ አንድ ደቂቃው ፊታቸውን ወደ መንገዱ መልሰው እጃቸውን ያውለበልባሉ። ሲመሽ ሁሉም እየዞረ ይተኛል። ነገሩ የሚገርመው ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

ስንዱ ደንቡን ከመምጣቷ በፊት አንብባው ነበር። ልብ ያላለችው እሷና አባቷ ሁለት ብቻ መሆናቸውን ነው።

ዕድሜዋ አርባ አራት ነው፤ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ትሠራለች። አባቷ አቶ ሽብሩ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። መኪና በሰው እጅ ይነዳ በነበረበት ዘመን ሠላሳ አንድ ዓመት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድተዋል። ባለፈው ዓመት ደም ግፊት ጥሏቸው ሲነሱ ግራ ጎናቸው ዝሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር አምጡልኝ፣ አድርጉልኝ ብለው አያውቁም። ነሐሴ ላይ ግን እራት እየበሉ ድንገት፣ «ስንዱ፣ ሐይቁ ዳር ውሰጂኝ» አሏት። ለምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው «እንዲሁ» አሉ። የሐይቁ ዳርቻ ዙሪያውን ከታጠረ ቆይቷል፤ ማንም ሰው እግሩን ውሃ ውስጥ መንከር የሚችለው ደሴቱ ላይ ብቻ ነው። በእግሩ የመጣ እንግዳ ደግሞ አይመዘገብም። መኪና ተከራየች፣ ሦስት ቀን ፈቃድ ወሰደች፣ መጡ።

ተሽከርካሪ ወንበራቸው ወደብ ላይ ቀረ። መዝጋቢዋ በትሕትና አስረዳቻት። ጎማ ያለው ነገር ሲቆም ቦታ ይይዛል፤ ቦታ የሚይዝ ነገር ማቆሚያ ያስፈልገዋል።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መኪናው ሰባተኛው መውረጃ ላይ ቆመ። በሩ ተከፈተ።

«ክቡራን እንግዶች፣ ዘጠኝ ደቂቃ አላችሁ» አለ መኪናው። «መልካም ዕረፍት።»

ስንዱ በግራ በኩል ዞራ ክንዳቸውን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ከወንበሩ ተነስተው እስኪቆሙ ሁለት ደቂቃ ሄደ። ከመውረጃው እስከ ውሃው አራት መቶ እርምጃ ነው፤ መጀመሪያ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ፣ ከዚያ አሸዋ። ድንጋዩ ላይ ደህና ሄዱ። አሸዋው ላይ ሲደርሱ ግራ እግራቸው እየተጎተተ መሬቱን ያርሰው ጀመር። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄዱ አቶ ሽብሩ ቆሙ።

«ስንዱ፣ እንመለስ።»

«ገና ነን እኮ አባዬ። አሁን ነው የወረድነው።»

«አራት ደቂቃ ከሩብ ሆኗል። ጊዜው ሲጋመስ መመለስ ነው። መመለሻውም መንገድ ነው።»

ሰዓት አላዩም። አፋቸው ላይ የነበረው ድምፅ ስንዱ ልጅ ሳለች በአውቶቡሱ ማይክሮፎን ትሰማው የነበረው ነው። ተመለሱ። በሩ ሊዘጋ አሥራ አንድ ሰከንድ ሲቀረው ገቡ። መኪናው ስለ ትብብራቸው አመስግኖ ከረድፉ ተቀላቀለ።

ያን ቀን ከሠላሳ ጊዜ በላይ ዞሩ። አንዱን የሾላ ዛፍ፣ አንዱን የዓሣ ጥብስ ቤት፣ አንዱን የተሰበረ አጥር ደጋግመው አዩ። አቶ ሽብሩ መስኮቱ ዳር ተቀምጠው ውሃውን ያያሉ። አልተማረሩም፣ አልተነጫነጩም። ስንዱን ያበሳጫት ይኸው ዝምታቸው ነበር። ማታ ወንበሩን አልጋ አድርጋ ስታስተኛቸው፣ «ሳይነኩት አንመለስም» አለቻቸው።

«ደንብ ነው ልጄ። ምን ታደርጊዋለሽ?»

«እሱን ነገ አየዋለሁ።»

በማግስቱ ከዘጠኙ ግማሽ ደቂቃ ከፍላ ብቻዋን ወረደች። መኪናው አባቷን ይዞ ሄደ። መውረጃው ላይ ፋናዬ የምትባል ደንብ አስከባሪ ነበረች፤ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰች፣ ቀኑን ሙሉ ከመቆም ብዛት ወገቧን ይዛ የምትናገር ሴት። ስንዱ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገረቻት። ፋናዬ ሳታቋርጥ ሰማቻት።

«ትናንት አይቻችኋለሁ» አለች ስትጨርስ። «አሸዋው ጫፍ ላይ የተመለሱት አባት ናቸው አይደል?»

«እሳቸው ናቸው። ሁለት ነን እህቴ። እኔ ይዣቸው ከወረድኩ መኪናው ባዶ ነው። ሌላ ሰው በእኔ ፋንታ ቢቀመጥበትስ?»

«ያልተመዘገበ ሰው ከተቀመጠበት ባዶ ነኝ ነው የሚለው። ሞክረውት ያውቃሉ።»

«እሺ፣ ከዘጠኝ ደቂቃ ብናልፍ?»

«በሩን ዘግቶ ብቻውን ወደ ወደቡ ይሄዳል። እናንተ ደግሞ ወደ ማታ በሠራተኞች ጀልባ ትወጣላችሁ። ስማችሁ አምስት ዓመት ይታገዳል።» ፋናዬ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሕመም ካልሆነ በቀር።»

ስንዱ በልቧ ሰባ ዘጠኝ ላይ አምስት ደመረች። አባቷ የታገዱበትን ጊዜ ጨርሰው ተመልሰው እንደማይመጡ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋትም። ወደ አሸዋው ወረደች። ገና ውሃው ጋ ሳትደርስ ከላይ በመንገዱ መኪናቸው አለፈ። የአባቷ ፊት በመስኮቱ ታየ። እሷን አላዩዋትም፤ ዓይናቸው ውሃው ላይ ነበር። እሷም እንደሌላው ሰው እጇን ልታውለበልብ አንስታ፣ ነገሩ አስጠልቷት አወረደችው።

ውሃው ዳር ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የሰበሰበ ግዙፍ ሰው ቆሞ ነበር። ከድር ይባላል፤ ቡታጅራ ወፍጮ ቤት አለው። ሚስቱ ሐያት መኪናው ውስጥ እየዞረች ነበር። ስንዱ ተጠግታ ሰላምታ ሰጠችውና ሳታንዛዛ ጠየቀችው። አባቷን ከመኪና አውርዶ፣ ተሸክሞ ውሃው ድረስ አምጥቶ፣ ተሸክሞ መመለስ፤ ሁሉም በዘጠኝ ደቂቃ።

ከድር አሰበ። «ስንት ኪሎ ናቸው?»

«ስልሳ አንድ።»

«አንድ ኩንታል እንኳን አይሞሉም። ግን ብቻዬን አሸዋው ላይ ልሩጥ ብል እጥላቸዋለሁ። አራት ሰው ያስፈልጋል።»

አራት ሰው ማግኘቱ ቀላል አልነበረም። ውሃው ዳር ያለ ሰው ሁሉ የራሱ ተራ አለው፤ ተራው ካለፈ ሌላ ሃያ አንድ ደቂቃ ነው። አንዱ «አዝናለሁ» አላት፣ አንዷ እንዳልሰማች ሆነች፣ አንዱ ደግሞ ደንቡ ይፈቅድ እንደሆነ በጽሑፍ እንድታሳየው ጠየቃት። ስንዱ ከሰው ወደ ሰው ሄደች። የአባቷ መኪና ሦስት ጊዜ አለፈ። በመጨረሻ ኦብሳ የሚባል የስፖርት አስተማሪ እሺ አላት። ከጅማ የመጡ ሁለት እህትማማቾች ደግሞ ወሬውን ሰምተው ራሳቸው መጡ። ታላቂቱ «እኛ እንኳን ሰው፣ ቁምሳጥንም ተሸክመናል» አለች። በነጋታው አራት ሰዓት ላይ፣ በሰባተኛው መውረጃ ተቀጣጠሩ።

መኪናው ሲመለስ ተሳፈረችና ለአባቷ ነገረቻቸው። ይቃወሙኛል ብላ ፈርታ ነበር። አቶ ሽብሩ ግን ወረቀትና እስክርቢቶ ጠየቁ። ቀኝ እጃቸው ደህና ነው። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው መጻፍ ጀመሩ።

«በምን ነው የሚሸከሙኝ?»

«ከድር ሊያዝልዎት ይችላል፣ ወይም...»

«አይሆንም። ቃሬዛ ይሥሩ። አሸዋው ላይ ከተተከለው ጥላ ሁለት ምሰሶ ይንቀሉ፣ መሀሉ ላይ ብርድ ልብስ። እኔ የተራራ ሰው በሽተኛ ተሸክሞ አውቶቡሴ ድረስ ሲያመጣ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ሩጫ ነው፣ ግን በሽተኛው አይናወጥም።» ጻፉ። «ከወንበር ወደ ቃሬዛ፣ አንድ ደቂቃ። እስከ ውሃው፣ ሁለት ተኩል። መመለሻው ዳገት ነው፣ ሦስት። መግቢያ፣ አንድ። ስንት ሆነ?»

«ሰባት ተኩል።»

«ደቂቃ ተኩል ይተርፈናል።»

ስንዱ ወረቀቱን አየችው። የድሮ የጉዞ ሰሌዳ ይመስላል፤ መነሻ፣ መድረሻ፣ መቆያ። «ደቂቃ ተኩል ይበቃል አባዬ?»

አቶ ሽብሩ ዓይናቸውን ወደ ውሃው መለሱ። መኪናው የዓሣ ጥብስ ቤቱን አለፈ።

«እናትሽ አንዳንዴ ከእኔ ጋር ትጓዝ ነበር» አሉ። «ከፊት፣ ከጎኔ ትቀመጣለች። ይህን ሐይቅ ስናልፍ ሁልጊዜ፣ አንድ ጊዜ አቁምልኝ፣ እግሬን ነክሬ ልምጣ ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሰዓት አለብኝ፤ ስንመለስ እላለሁ። ስንመለስም ሰዓት አለብኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን አርፍጄ አላውቅም፤ ምስክር ወረቀት ሰጥተውኛል፣ ታውቂያለሽ።» እስክርቢቶውን ዘጉት። «እሷ የጠየቀችኝ ከደቂቃ ተኩል አይበልጥም ነበር።»

ስንዱ ይህን ታሪክ ከእናቷም ከአባቷም ሰምታው አታውቅም። እናቷ ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ወረቀቱን ተቀብላ ቁጥሮቹን እንደገና ደመረቻቸው። ልክ ነበሩ። በሚቀጥለው ዙር ለአፍታ ወርዳ ብርድ ልብሱን ለከድር ሰጠችው፣ የቃሬዛውንም ነገር ነገረችው።

ሦስተኛው ቀን የመጨረሻቸው ነበር። አራት ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት አራቱ ሰዎች ቃሬዛውን ይዘው መውረጃው ላይ ቆመው ነበር። ፋናዬ አየቻቸው። ቃሬዛውን ከላይ እስከ ታች ተመለከተችው፤ ጎማ የለውም። ፊቷን ወደ ሌላ መኪና አዞረች።

«ክቡራን እንግዶች፣ ዘጠኝ ደቂቃ አላችሁ።»

ከድር በብብታቸው ሥር ገብቶ ከወንበሩ አነሳቸው። ኦብሳ እግራቸውን ያዘ። ጫማቸውን ስንዱ መኪናው ውስጥ አውልቃላቸው ነበር። አምሳ ሰከንድ። አራቱ ምሰሶዎቹን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሮጡ። ድንጋዩን እንዳለፉ ቃሬዛው ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር።

«እርምጃችሁን አታመሳስሉ» አሉ አቶ ሽብሩ ጋደም እንዳሉ፣ ሰማዩን እያዩ። «እኩል ስትረግጡ ነው የሚወዛወዘው። እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ ሂዱ።»

ተለያይተው ረገጡ፤ ቃሬዛው ረጋ። ስንዱ ከጎን ትሮጣለች፣ ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነው። ታናሺቱ እህት አሸዋው ላይ ተሰናክላ በጉልበቷ ወደቀች። ምሰሶው ከትከሻዋ ሳይወርድ ስንዱ ደርሳ ከሥር ገባች። በዚያ በኩል የቀረውን መንገድ እሷ ተሸከመች። የአባቷ ክብደት ይህን ያህል ነው ብላ አስባ አታውቅም ነበር፤ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ግን ሌላ ሸክም እንዳቀለላት ሁሉ ሮጠች።

ውሃው ጋ ሲደርሱ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ሆኖ ነበር። አሥር ሰከንድ ባክኗል። ቃሬዛውን ውሃው ጉልበታቸው እስኪደርስ ይዘው ገቡና ቀስ ብለው አወረዱት። ከድር ከኋላ ሆኖ ደገፋቸው። አቶ ሽብሩ ሐይቁ ውስጥ ተቀመጡ፤ ውሃው እስከ ደረታቸው መጣ።

ቀኝ እጃቸው ውሃው ውስጥ ገብቶ ግራ እጃቸውን ፈልጎ አገኘና ወደ ላይ አነሳው። ግራ እጃቸው በውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ከታመሙ ጀምሮ ያለ ሰው እርዳታ ከፍ ብሎ አያውቅም። አዩት። ከዚያ በቀኝ እጃቸው ዘግነው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ደግመው ራሳቸውን፣ ደግመው አንገታቸውን።

«አምስት ደቂቃ» አለች ስንዱ። «መነሻችን ነው አባዬ።»

ከድርና ኦብሳ ምሰሶዎቹን ጨበጡ። አቶ ሽብሩ አልተንቀሳቀሱም።

«አባዬ።»

«ሰማሁሽ።»

«አምስት ከሃያ። ካሁን ወዲያ መሮጥ አለብን።»

ከላይ ከመውረጃው የመኪናው ድምፅ መጣ፤ ስማቸውን ከነአባታቸው ስም እየጠራ የቀረውን ጊዜ ይናገራል። ውሃ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ወደ እነሱ ዞሩ። ስንዱ አባቷን ታውቃቸዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን ያላረፈዱ ሰው ናቸው። ትናንት ሰሌዳውን ያወጡት እሳቸው ናቸው፣ ከትናንት ወዲያም አሸዋው ጫፍ ላይ የመለሷት እሳቸው ናቸው። አሁንም «በሉ አንሱኝ» እስኪሉ ጠበቀች።

አቶ ሽብሩ ወደ መንገዱ አንገታቸውን አዞሩ። መኪናው በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ለረጅም ጊዜ አዩት፤ አንድ ሾፌር ሌላውን ሾፌር እንደሚያየው።

«ይሂድ» አሉ።

«አምስት ዓመት ነው አባዬ። እንደገና አንመጣም ማለት ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ አሁን መጥቻለሁ።» ወደ ከድር ቀና አሉ። «ወንድሜ፣ ያለ ሰሌዳው አደከምኳችሁ፤ ይቅርታ።»

«እኔስ ቁልቁለቱ ነው የተስማማኝ» አለ ከድር፤ ምሰሶውንም ለቀቀው።

ዘጠኝ ደቂቃ ሲሞላ የመኪናው በር ተዘጋ። መኪናው ትንሽ እንደማመንታት አለና የአቶ ሽብሩን ጫማና የስንዱን ቦርሳ ይዞ ወደ ወደቡ ሄደ። ማንም አልጮኸም። ውሃ ውስጥ የነበሩት ወደየመታጠባቸው ተመለሱ።

ፋናዬ ወገቧን ይዛ፣ ጫማዋ አሸዋ እየሞላ መጣች። የመመዝገቢያ መሣሪያዋን አውጥታ ውሃው ጫፍ ላይ ቆመች።

«መመዝገብ አለብኝ አባቴ» አለች። «ከጊዜ በላይ የቆያችሁበትን ምክንያት ይጠይቃል። ብልሽት፣ መርሳት፣ ሕመም።» የመጨረሻውን ቃል ስትናገር ስንዱን አየቻት። «ሕመም ብዬ ልሙላው። እገዳው ይቀራል፤ የዓመት ሰው ይበለን እንጂ ዓመትም ትመጣላችሁ።»

ስንዱ እሺ ልትል አፏን ከፈተች።

«ተባረኪ ልጄ፤ ግን አላመመኝም» አሉ አቶ ሽብሩ። «ፈልጌ ነው የቆምኩት። እንደሱ ብለሽ ጻፊ።»

ፋናዬ መሣሪያዋ ላይ ያለውን ዝርዝር ወደ ላይ ወደ ታች አለችው። «ፈልጌ የሚል የለውም።»

«ፈልጊው፤ አልቸኩልም።»

ፋናዬ ምንም ሳትሞላ መሣሪያውን ኪሷ ከተተችና ግንባሯን በእጅጌዋ ጠረገች። የሠራተኞች ጀልባ ከታችኛው መሻገሪያ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚነሳ ነገረቻቸው። ከድር በዚያ ሰዓት ሐያት እንድትዞር አደርጋለሁ፣ እኔ እወርዳለሁ አለ። ኦብሳም እመጣለሁ አለ። ሁለቱ እህትማማቾች ቃሬዛውን ጥላ ሥር አስቀመጡት፤ ታላቂቱ የታናሺቱን ጉልበት በነጠላ ጫፍ እያሰረች፣ ሊያነሳው የሚመጣ ሰው ካለ ገና እንደሚያስፈልግ ሊነግሩት አጠገቡ ቁጭ አሉ።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። የስንዱ ቀሚስ እስከ ወገቧ ርሷል፤ አሁንም ቆማለች፣ ሰዓቷንም እንደያዘች ናት።

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አሉ አቶ ሽብሩ።

«አራት ከሩብ።»

አቶ ሽብሩ በጣቶቻቸው ቆጠሩ፤ ቆጠራውን ሲጨርሱ ደነገጡ፣ ከዚያ እንደ ልጅ ሳቁ።

«ጀልባው እስኪነሳ ስድስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ አለን» አሏት። «ቁጭ በይ እንጂ።»

ስንዱ ከነልብሷ ከጎናቸው ተቀመጠች።